ደጃፉን የማይለቁት ውሾች

ቲልዳ ጥላው ወደ ምሥራቅ መዞር ሲጀምር ትመጣለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ግንዱ ከነጣው ባሕር ዛፍ ሥር ብርድ ልብሷን ታነጥፋለች። አጠገቧ በቆርቆሮ ውሃ ታስቀምጥና ጣውላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ወረቀቷን ትዘረጋለች። ከዚያ ቀና ብላ የታላቅ እህቷን ቤት ታያለች። ቤቱ ተዘግቷል። መስኮቶቹ በካርቶን ተሸፍነዋል። በረንዳው ላይ ግን ውሾች ተኝተዋል። ሰው ሁሉ ጥሎት የሄደውን ቤት የያዙት እነሱ ብቻ ናቸው።

በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ቲልዳን እንደምን ዋልሽ ይላታል እንጂ ወደ ቤቱ ዞር አይልም። ባለቤቱ ሞቶ ገና በቅጠል ጭስ ያልታጠነ ቤት እኛ ጋ በዓይን አይዳበስም። የሟቿንም ስም ማንም አያነሣም፤ እዚህም አይነሣም። ታላቅ እህቷ ከተባለ ይበቃል።

ቲልዳ ድሮ ውሻ ሣላ አታውቅም። በበረሃው መሃል ያለው መንደራችን የተራራ ሠዓሊዎች መንደር ነው። አባቷ ተራራ ይሥል ነበር፣ አጎቶቿ ተራራ ይሥሉ ነበር፣ እሷም ከትምህርት ቤት ገና በልጅነቷ ወጥታ ከአባቷ ጎን ስትቀመጥ የተማረችው ተራራ ነው። ጠዋት ወይን ጠጅ የሚመስለውን፣ ማታ እንደ ፍም የሚቀላውን። አባቷ አነጋገሩ አጭር ነበር። «ነጭ ቀለም የሚባል የለም» ይላት ነበር፣ «ነጩ ወረቀቱ ነው። ብርሃን የምትፈልጊበትን ቦታ አትንኪው። አንዴ ከነካሽው አልቋል፣ ብታለቅሺም አይመለስልሽም።» እሷም ይህንኑ ይዛ አረጀች። ባል አገባች፣ ባሏ ሞተ፤ ልጅ አልወለደችም፤ ተራራ ሣለች። ብዙ የሚነገርለት ኑሮ አይደለም።

ውሻ የእህቷ ነበር። ከመንገድ የተጣለ፣ ከመኪና የተረፈ፣ ቆዳው በእከክ የተላጠ ውሻ ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው እሷ በረንዳ ላይ ነው። የብርድ ወራት ሲመጣና አሸዋው ሲበርድ ከእነሱ መሃል ተኝታ ታድራለች። «ከማንም ምድጃ ይሻላሉ» ትላለች። ለእያንዳንዱ ስም አውጥታለች፤ እኛ ጋ ደግሞ ውሻም የዝምድና ቦታ ስላለው ሁሉም ልጆቿ ናቸው። የእህት ልጅ ልጅ ነውና የቲልዳም ልጆች ናቸው። አንድያ ልጇን ኦስዋልድን፣ ያን ቁመተ ሎጋ ጎረምሳ፣ «ወንድምህ ፍራሽህ ላይ ሽንቱን ሸንቷል፣ ተነሥና አውጣው» ስትለው መንደሩ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

«አንቺ ተራራ የምትሥይው ስለማይነክስ ነው» አለቻት አንድ ቀን ቲልዳን።

«ውሻ መች ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

«እኔ ጋ ይቀመጣል። ነይና ሣዪው።»

«ከነቁንጫው?»

«ከነቁንጫው። ቁንጫውስ የማን ዘመድ መሰለሽ?»

ቲልዳ ሳቀች እንጂ አልሄደችም። ነገ ይደርሳል ብላ።

ከዚያ የእህቷ ኩላሊት ደከመ። ደሟን የሚያጥበው ማሽን ያለው አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ስለሆነ ሄዳ እዚያ መኖር ነበረባት። እኛ ጋ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሄዷል፤ ሄዶም የተመለሰ ጥቂት ነው። ስልክ ስትደውል ሰው እንዴት ነው አትልም። «ቡናማው በላ? አንካሳዋ ወለደች? ያ ጆሮ ቆራጣው አሁንም ከሱቁ ደጃፍ ይለምናል?» ትላለች። ቲልዳ ትነግራታለች። ከዚያ እህቷ «ስልኩን ወደ እነሱ ያዥልኝ» ትልና እንደ ድሮዋ በምላሷ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ውሾቹ ስልኩን አሽትተው፣ ዞረው ከቤቱ ኋላ ይፈልጓት ነበር።

በመጨረሻ በሣጥን መጣች። ቀበርናት፣ ፓስተሩ ጸለየ፣ ሴቶቹ ተላቀሱ፣ ልብሷ ተቃጠለ፣ ቤቱ ተዘጋ። የቤተሰቡ ትልቅ ሴት አክስት ኤልፍሪዳ ናቸው። እሳቸው ከየቤቱ ፎቶዋን ሁሉ ሰበሰቡ፤ ከግድግዳው አወረዱ፣ ከስልኮቹ አስጠፉ፣ የቀረውን በጨርቅ ጠቅልለው ሩቅ ላሉ ዘመዶች ላኩ። እንደዚያ ነው የሚደረገው። ሟች ፊቱ እዚህ እየታየ መሄድ አይችልም። ሐዘኑ ሲያልቅና ጊዜው ሲደርስ ፎቶው ይመለሳል። ጊዜው መቼ እንደሚደርስ ግን ማንም አይቸኩልበትም።

ቲልዳም አልተቃወመችም። ልማዱን ታውቀዋለች፤ ለባሏም ለአባቷም እንዲሁ አድርጋለች። ያላወቀችው ነገር ቢኖር የእህቷ ፊት ከልቧ ውስጥ እንደሚሟሟ ነበር። መጀመሪያ አፍንጫዋ ጠፋባት። ከዚያ አገጯ። ዓይኗን ጨፍና ስታስባት ድምፅዋ ይመጣል፣ የምላሷ ጠቅታ ይመጣል፣ ፊቷ ያለበት ቦታ ግን ውሃ እንደፈሰሰበት ሥዕል ነው። ተራራውን ሁሉ በቃሏ የምትሥል ሴት፣ እናቷ ከወለደቻት ጀምሮ አብራት የኖረችን አንዲት ፊት መያዝ አቃታት።

ለውሾቹ የተረፈ ሥጋና ዳቦ ይዛ መሄድ የጀመረችው በዚህ ጊዜ ነው። ግቢው ውስጥ መግባት አይፈቀድምና ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትወረውርላቸዋለች። ወጥተው ይበላሉ። በልተው ሲያበቁ አመስግነው በመሄድ ፈንታ እንደገና ወደ በረንዳው ተመልሰው ይተኛሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እነዚህ ግን በበሉበት ሳይሆን በተወደዱበት ነው የሚተኙት። ይህን አይታ አንድ ቀን ቀለሟን ይዛ መጣች።

ውሻ እንደ ተራራ አይደለም። ተራራን ብትሳሳትበት አይታወቅም፤ ሌላ ተራራ ይሆናል። ውሻን ብትሳሳትበት ፍየል ይሆናል። ብዙ ወረቀት አበላሸች። በኋላ ግን ገባት። ወረቀቱን አስቀድማ በውሃ ታረጥበዋለች፤ በእርጥቡ ላይ አንድ ጠብታ ቡናማ ትጥላለች፤ ጠብታው ራሱ ሄዶ ሆድ ይሆናል፣ ጀርባ ይሆናል። ሳይደርቅ በደረቅ ብሩሽ ቀለሙን አንሥታ የጎድን አጥንቱን ታወጣለች። እከኩ ያለበትን ቦታ ሮዝ ታስነካዋለች። ዓይኑን መጨረሻ ላይ፣ ትንፋሿን ይዛ። የጆሮ ቆራጣውን ዓይን ስትሠራ ምን እንደሆነች አታውቅም፣ እንባዋ ቀለሙ ውስጥ ጠብ አለ። እሷም አልጠረገችውም። «ውሃ ውሃ ነው» አለች ለራሷ።

የመንደሩ ሥዕል ቤት ሰዎች አሾፉባት። እዚያ ሁሉም በየጠረጴዛው ተቀምጦ ይሥላል፤ ሻይ ይፈላል፤ ወሬው አያልቅም። ሽማግሌው ማንፍሬድ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ቲልዳ፣ ተራራው ምን በደለሽ?»

«ምንም።»

«እኔ ከአባትሽ ጋር የሣልኩት ተራራ አለ። አባትሽ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?»

«ውሻውን ዞር በል፣ ተራራውን ከለልከኝ ይል ነበር» አለች ቲልዳ።

ሽማግሌው ሻያቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። «ብቻ ሥዕሉን እዚህ አትስቀዪው፣ ቁንጫው ይተላለፍብናል።»

የሥዕል ቤቱን የምታስተዳድረው ሮዊና የምትባል ነጭ ሴት ናት። ከባሕር ዳር ከተማ መጥታ ሙቀቱን የቻለች ደግ ልጅ ናት። እሷ ግን ውሾቹን ወደደቻቸው። አሊስ ስፕሪንግስ ለሚደረገው ዐውደ ርእይ አንድ ትልቅ ሥዕል እንድትሠራ ትልቅ ወረቀት ሰጠቻት።

ቲልዳ ትልቁን ወረቀት ይዛ ከባሕር ዛፉ ሥር ብዙ ቀን ተቀመጠች። በረንዳውን ከነውሾቹ ሁሉ ልትሥለው ፈለገች። ቡናማውን ከደረጃው ላይ፣ አንካሳዋን ከግድግዳው ሥር፣ ጆሮ ቆራጣውን አገጩን መዳፉ ላይ አስደግፎ፣ ሌሎቹንም በየቦታቸው። ከግራ ጀመረች፣ ከቀኝም ጀመረች፤ ከኋላ የግድግዳውን ጥላ በጥቁር ሰማያዊ ሞላች። መሃሉን ለመጨረሻ አቆየችው። አንድ ቀን ብርሃኑ ሄደባት፣ ሥዕሉን እንዳለ ጠቅልላ ሥዕል ቤቱ ወስዳ ግድግዳ ላይ አስደግፋው ወደ ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ ኦስዋልድ የሥዕል ክፈፍ የሚሆን እንጨት ተሸክሞ ገባ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ብዙም አይናገርም። እንጨቱን ሊያወርድ ጎንበስ ሲል ሥዕሉን አየ። እንጨቱ ከትከሻው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተንኳኳ።

«ይኼን ማን ሣለው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቲልዳ። «ምነው?»

«እማ» አላት። የእናት እህት እናት ናትና ሁልጊዜም የሚጠራት እንዲሁ ነው። «ለምን እዚያ አስቀመጥሻት?»

«ማንን?»

ባርኔጣውን አውልቆ ወጣ። ቲልዳ ዞር ብላ አየች። መጀመሪያ ያየችው ውሾቹን ነው። ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩበትን ቦታ፣ ያልነካችውን ነጭ አየች። በጥላውና በውሾቹ ጀርባ መሃል የቀረው ነጭ የተቀመጠች ሴት ነበር። ያች በአንድ ጎን ዘንበል ያለች ትከሻ። ያ አጎንብሶ የሚሰማ አንገት። ወደ ቡናማው ራስ የተዘረጋ እጅ። አልሣለቻትም። በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ስትሥል እሷ ራሷ መጥታ ተቀምጣለች።

መፍራት ነበረባት። የመጣባት ግን ደስታ ነው፤ ከተማ ሄዶ የቀረ ሰው ድንገት ከአውቶቡስ ሲወርድ እንደሚመጣ ደስታ። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ አክስት ኤልፍሪዳ ዘንድ ደረሰ። በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። ሥዕሉን በአንድ ዓይናቸው ብቻ አዩት፤ ሌላውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«አልሣልኳትም፣ አክስቴ። ይዩት፣ ቀለም የለበትም።»

«ያልሣልሽው ነው የሚብሰው! የሣልሽው ቢሆን አይመስላትም ነበር።»

ሮዊና ጣልቃ ገባች። «እማማ ኤልፍሪዳ፣ ባዶ ቦታ እኮ ነው። ወረቀት ብቻ ነው።»

አሮጊቷ እጇን ይዘው መታ መታ አደረጓት። «አንቺ ደግ ልጅ ነሽ። ግን የምታዪው ቀለም የነካውን ብቻ ነው። ሂጂ፣ ሻይ አፍዪልኝ። ስኳሩ ላይ እንደ ባለፈው አትሰስቺ።» ሮዊና ስትሄድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ፣ ቲልዳ። ፎቶዎቹን የሰበሰብኩት ጨካኝ ስለሆንኩ መሰለሽ? እኔም አሳድጌያታለሁ። ሰው አገሩ ሊገባ መንገድ ሲጀምር ቀሚሱን አይጎትቱትም። ወይ አቃጥዪው፣ ወይ ሙዪው።»

«እሺ፣ አክስቴ» አለች ቲልዳ።

እሺ አለች እንጂ አላደረገችውም። ሥዕሉን ወደ ቤቷ ወስዳ ከፍራሿ ሥር አኖረችው። ጠዋት ጠዋት በሯን ዘግታ ታወጣዋለች። ግድግዳው ላይ ታስደግፈውና ፊት ለፊቱ ሻይዋን ትጠጣለች። ለነጩ ቦታ የመንደሩን ወሬ ትነግረዋለች። ቡናማው በልቷል። አንካሳዋ ከሱቁ ቋሊማ ሰርቃ ተባርራለች። ነጩ አይመልስም፤ ግን ያዳምጣል፤ እህቷም ያው እንዲሁ ነበረች፣ ስትሰማ ዝም ትላለች። በቀስታ ፊቷም ይመለስላት ጀመር። አፍንጫዋ መጣ። ስትስቅ ጉንጯ ላይ የሚሰረጉደው መጣ። ከዚህ ሌላ ምን እንደምትፈልግ አላወቀችም። እንዲህ እያሉ መኖር ይቻላል ብላ አሰበች።

አክስት ኤልፍሪዳ እንደገና መጡ። አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራት። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ፦

«ኦስዋልድን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«ምን ሥራ! ከወንዙ አሸዋ ላይ ነው የሚያድረው። በዚህ ብርድ። በቲልዳ ደጃፍ አላልፍም አለኝ፣ እናቴ እዚያ አለች አለኝ። ሁለት እናት ነበረው ይኼ ልጅ። አንዷ ሞተች። አንዷ ደግሞ ከሞተችዋ ጋር በር ዘግታ ሻይ ትጠጣለች።»

አሮጊቷ ከሄዱ በኋላ ቲልዳ ሥዕሉን አውጥታ አየችው። ከዚያ ጠቀለለችው፤ ቀለሟን፣ ብሩሿን፣ ባዶ ቆርቆሮዋን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች።

ወንዛችን አሸዋ ነው፤ ውሃው ከሥር ነው የሚሄደው። ኦስዋልድ ከትልቁ ዛፍ ሥር እሳት አንድዶ የካንጋሮ ጭራ ረመጥ ውስጥ ቀብሯል። ጆሮ ቆራጣው ከጎኑ ተጋድሟል። ሲያያት አልተነሣም፣ አልሸሸም።

«ጭራው ደርሷል?» አለችው።

«ገና ነው።»

«አንተ ሁልጊዜ ታሳርረዋለህ።»

«ካረረ ወንድሜ ይበላዋል» አለ በውሻው እያመለከተ። ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። የያዘችውን ጥቅል አይቷል። «እማ፣ አትክፈችው።»

«የመጣሁት ልከፍተው ነው። የአንተ ናት። አቃጥዪው ካልክ እሳቱ ይኸው።»

በእንጨት ረመጡን ቆሰቆሰ።

«ሆስፒታል ሄጄ ያየኋትን ታውቂያለሽ?» አለ ቀና ሳይል። «ያ ሁሉ ቱቦ፣ ያበጠ ፊቷ። ዓይኔን ስጨፍን የማያት እሷን ብቻ ነበር። ያንቺን ሥዕል ካየሁ ወዲህ በረንዳዋ ላይ ሆና ነው የማያት።»

«ታዲያ ለምን ሸሸኸኝ?»

«ደስ ስላለኝ ነዋ! ደስ ሲለኝ ፈራሁ። በየቀኑ መጥቼ ላያት እንደምፈልግ አወቅሁ። እኔም አንቺም እዚያ ከተቀመጥን እሷ በየት በኩል ትሄዳለች?»

ቲልዳ ይህንኑ ስታውቀው ቆይታለች። ከሌላ አፍ እስኪወጣ እየጠበቀች ነበር። በእጇ አሸዋውን ጫረች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ እስኪገባ ቆፈረች፤ ውሃው ቀስ ብሎ ሲመጣ በቆርቆሮዋ ቀዳች። ሥዕሉን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ኦስዋልድ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ውሻ ትሥልበት እንደሆነ ጠየቃት።

«ከእሷ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ውሻ የለም» አለች። «ጥላ ነው የማደርገው። ግድግዳው ብቻ ይሁን።»

ጥቁር ሰማያዊውን በጠበጠች። ከትከሻዋ ጀመረች። ወረቀቱ ቀለሙን እንደ ተጠማ አፈር ጠጣው። አንገቷ ሄደ። ጭኗ ሄደ፣ የቀሚሷ ዘርፍ ሄደ። ቲልዳ አላለቀሰችም፤ የደከማት ሰው የመጨረሻውን ሰሃን እንደሚያጥብ ነበር የምትሠራው። እጅዋ ላይ ስትደርስ፣ ወደ ቡናማው ራስ የተዘረጋው ነጭ ብቻ ሲቀር፣ ብሩሹን ውሃ ውስጥ አስገባች። አጠበችው። እንደገና አጠበችው። ኦስዋልድ ጠበቃት።

«ይቺን ብቻ ብተዋት?» አለች። «ማንም አያያትም። ነጭ ጠባሳ ትመስላለች።»

የኦስዋልድ ጥቁር እጅ መጥቶ ክርኗን ያዘ። ጠንካራ እጅ ነው።

«እጇንም፣ እማ።»

ቀባችው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትመለስበት። ከዚያ ሥዕሉ እስኪደርቅ በድንጋይ አስይዘውት ጭራውን ከረመጡ አወጡ። በአንድ ጎኑ አርሮ ነበር። ኦስዋልድ መጀመሪያ ለእሷ ቆረሰላት።

የሐዘኑ ጊዜ ሲያልቅ ቤቱ ታጠነ። ሴቶቹ እርጥብ ቅጠል እያጨሱ ከክፍል ክፍል ዞሩ፣ ካርቶኑ ከመስኮቶቹ ወረደ። ውሾቹ ከጭሱ እየሸሹ እያስነጠሱ ወጡ፤ ገሚሶቹ ኦስዋልድን ተከተሉ፣ ገሚሶቹ እንደ ድሮው ሱቁ ደጃፍ ሄዱ። ፎቶዎቹ ግን ገና አልተመለሱም። አክስት ኤልፍሪዳ ሲጠየቁ «ይደርሳል» ይላሉ። ቲልዳም አትጠይቅም።

ሥዕሉ አሊስ ስፕሪንግስ ተሰቀለ። የመክፈቻው ቀን ሮዊና አዲስ ሸሚዝ አልብሳት ከሥዕሉ አጠገብ አቆመቻት፤ እግሯን አሟት ነበር። የከተማ ሰው ብርጭቆ ይዞ ያልፋል፣ ይቆማል፣ ጭንቅላቱን ያዘነብላል። አንዲት ሽቱዋ የሚያውድ ሴትዮ ብዙ ከቆመች በኋላ ወደ ቲልዳ ዞረች።

«ይቅርታ» አለች፣ «ሁሉም ወደዚያ ጨለማ ቦታ ነው የሚያዩት። ምንድን ነው የሚያዩት?»

ቲልዳ ሥዕሉን አየች። ሰማያዊው ደህና አድርጎ ደርቋል። እንከን አልነበረበትም።

«ምሳ እየጠበቁ ነው» አለች።

ሴትዮዋ ሳቀች። ቲልዳም አብራት ትንሽ ሳቀችና ተቀምጣ እግሯን የምታሳርፍበት ወንበር ፍለጋ ወደ ውጭ ወጣች።